ይጠብቃል

ከምሳ በኋላ ነው፤ አሥራ አንደኛ «ሐ» ክፍል፤
ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፣ ግማሹ ልጅ ያንቀላፋል፤
ከሐይቁ በኩል በመስኮት የዓሣ ሽታ ይገባል።
ክብ ስዬ፣ ማዕዘን ለክቼ፣ «ሳይን» ብዬ ስጽፍ፣
ሌዳሞ እጁን አወጣ ከኋላ፣ ከግድግዳው ጫፍ፦
«ቲቸር፣ ሳይን ፊርማ ነው?
አባቴን ለጀልባ ብድር፣ ባንክ፣ ‹ሳይን አድርግ› ያሉት፣ ያው?»
ሳቁ ክፍሉን ሞላው።
እኔም ሳቅሁ፤ ደወሉ ደረሰልኝ።
አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ቃል
ምን ማለት እንደሆነ፣ ለካ፣ ማንም አልነገረኝ።

ማታ መብራት ጠፋ። በስልኬ ብርሃን አነበብኩ።

ድሮ፣ በህንድ፣ ሰማይ የሚለኩ ሰዎች
ከክብ የተቆረሰውን ጎባጣ «ደጋን» አሉት፤
ጫፍና ጫፉን የያዘውን መስመር «ጅማት» ብለው ጠሩት፤
ኋላ ግማሹን ብቻ ፈለጉ፣ ስሙን ግን ሳያጋምሱ ተዉት።
ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ዓረብ ቤት በእንግድነት ገባ፤
ትርጉሙን ማን ጠይቆት! ድምፁን ብቻ ይዘው «ጂባ»።
ሲጽፉት ግን አጥንቱን ነው፤
እስትንፋሱን አንባቢ ይሙላው።
ዘመን አለፈ፤ ደጋኑን የረሳ ሌላ ሰው አነሣው፣
«ጀይብ» ብሎ አነበበው፦
የልብስ እጥፋት፣ ደረት ላይ የሚውል ጉያ።
የላቲኑ ተርጓሚ ታማኝ ነበር፤ አልጨመረ፣ አልቀነሰ፣
ጉያን ጉያ አለው።
በሱ ቋንቋ ደግሞ ጉያና ወሽመጥ አንድ ስም ነው፣
ውሃ ጎብጦ ወደ የብስ የሚገባበት።
እንዲህ ሆኖ የቀስተኛ ጅማት፣
ስህተት ለስህተት እየተቀባበለው፣
የሐይቅ ዳር ሆኖ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ሐዋሳ ዳር፣ አሞራ ገደል ወርጄ
ይህን ሁሉ ለሌዳሞ ነገርኩት።
አባቱ መረብ ይጠግናል፤ አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት እየጠበቀ
እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆሟል።
ልጁ አሰበ፣ አሰበና፣
«በኛ ፊደል ቢጽፉት አይሳሳቱም ነበር» አለ፤
«ጀ፣ ጁ፣ ጂ፣ ጃ፤ ሁሉም የራሱ እግር አለው።»
«እውነትህን ነው» ልለው አፌን ከፍቼ
ዝም አልኩ።

የኛም ፊደል የሚደብቀው አለ፤
የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ አንድ መልክ ነው ያላቸው።
ከዓመታት በፊት፣ «አባቴ እሺ አይልም» ባልኩት ማግስት፣
እንድርያስ በዲላ መኪና ትኬት ጀርባ ላይ
አንድ ቃል ጽፎ ሰጠኝ፦
ይሰማኛል።

አላልቼ አነበብኩት፤ አባትሽ ይሰማኛል፣ እኔ ከነገርኩት እምቢ አይልም።
ኩራቱ! አልኩ። እኔስ የት ሄጄ?
ሁለት ወንዶች ተሰማምተው ሊጨርሱልኝ?
መልስ አልሰጠሁትም። በሳምንቱ በዚያው መኪና ሄደ።

አሁን፣ ውሃው በተጠማዘዘበት፣ ጫማዬ ረጥቦ፣
ያንኑ ቃል አጥብቄ አነበብኩት፦
ይሰማኛል።
ፍርሃትሽ። እኔም ጋ።
ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

«ቲቸር፣ ምነው?» አለኝ ሌዳሞ።
«ፀሐዩ ነው» አልኩት።
አባቱ ቀና ብሎ አየኝ፣ ወደ መረቡ ተመለሰ።

የትኛውን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።
ላልቶም ሊሆን ይችላል፤ ኩሩ ሰው ነበር።
ትኬቱ አለ፤ እስክሪብቶው ወይቧል፣ የወንበር ቁጥሩ ይነበባል፣ አሥራ አራት።

ሰኞ «ሳይን» የሚለው ሥር፣ በጠመኔ፣ አሳንሼ
አንድ ቃል ጨመርኩ፦
ይጠብቃል።
ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ነው። መምህር ጡምዶ
መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ሰሌዳውን አዩና፣
«ላልቶ ነው ጠብቆ የሚነበበው?» አሉኝ።

ሳላጠፋው ወጣሁ።